አንድ ቃል ብቻ ቀርቶኛል

ጋምቤላ፣ ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዕዝራ፦

እንዴት ነህ አንተ ሰው? እኛ አለን። አባባም አለ፣ ሙቀቱም አለ። ባሮ ሞልቶ ልብስ የምናጥብበትን ድንጋይ ከዋጠው ሰነባበተ።

ደብዳቤህን ሹፌሩ ጌዴዎን ትናንት መናኸሪያ ሰጠኝ። ከአውቶቡሱ ሳይወርድ በመስኮት አቀብሎኝ «በዚህ ዘመን ደብዳቤ የሚጻጻፍ እናንተን ብቻ አየሁ» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ! በስልክ ስለ አባባ ገና ስጀምርልህ «ቆይ እትዬ፣ ሰው መጣ» ትለኛለህ። ወረቀት ግን አያቋርጥም፤ እስከ መጨረሻው ታነበዋለህ።

ስለ ቃሉ ጠይቀኸኛል። እኔ ነርስ ነኝ እንጂ የቋንቋ ሰው አይደለሁም፤ ግን «ላሽ እናንተ ጋ ምን ማለት እንደሆነ አጣሪልኝ» ካልክ ምን አደርጋለሁ፣ አጣራሁ። መጀመሪያ የጠየቅሁት ሆትን ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጀዊ ስደተኞች መጠለያ ወደሚወስደን የሥራ መኪና በባጃጁ የሚያደርሰኝን። «ላሽ የኛ ቃል ነው» አለኝ ኮራ ብሎ። «የእናንተ የማን? የኑዌር?» ስለው «የባጃጅ!» አይለኝም? ፊት ለፊት ትራፊክ ፖሊስ ከቆመ፣ ከዚያ የሚመጣው ሹፌር እጁን ወደ ጎን ጣል አድርጎ «ላሽ!» ይለዋል። በውስጥ ለውስጥ ታጠፍ፣ አትታይ ማለት ነው። እያሳየኝ እኔኑ ጉድጓድ ውስጥ ሊጥለኝ ነበር።

ባለሱቋን ጎረቤታችንን ፍርዶስንም ጠየቅኋት። እንደምታውቀው የኛ ግቢ ጎርፍ ሱቄ ገባ ብላ አኩርፋኛለች፤ ስላንተ ስል ነው ደጇ የሄድኩት። «ዕቃ አስወርዳ አስወርዳ ሳትገዛ የምትወጣ ሴት፣ እሷ ላሽ አለች እላለሁ» አለችኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች። እሺ ይሁን፣ ገባኝ።

አባባ አልጋው ላይ ሆኖ ሲሰማን ነበር። «በሰባ ሰባት ከወሎ በመኪና ጭነው ሲያመጡን ላሽ ማለት ያማረው ስንቱ ነበር፤ ግን መኪናው አይቆምማ» አለና ሳቀ። ግራ እጁ አሁንም አይታዘዘውም፤ ሳቁ ግን ደህና ነው።

አሁን የኔን ጥያቄ መልስ። ከአራዳ ቃላት መጽሐፌ የቀረኝ አንድ ቃል ብቻ ነው፣ እሱን ስጨርስ እመጣለሁ ብለኸኛል። በእማማ አርባ፣ አባባ ፊት የተባባልነውን ታስታውሳለህ፤ ሦስት ዓመት እኔ እይዘዋለሁ፣ ከዚያ ተራው ያንተ ነው። ሦስቱ ዓመት መስከረም ላይ ይሞላል። የጅማው የአዋላጅነት ዲግሪ ጥቅምት አጋማሽ ይጀምራል። መሥሪያ ቤቱ ከክሊኒኩ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚልከው፤ እኔን መርጧል። ካልሄድኩ ቦታው ለሌላ ነው የሚሰጠው። እኔ አርባ ልሞላ ነው ዕዝራ፤ ሁለተኛ ማንም አይመርጠኝም። መቼ ነው የምትመጣው? ቀኑን ጻፍልኝ።

እህትህ አባይነሽ


አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ አባይ፦

ዘግይቼ በመጻፌ ልትቆጪኝ እንደተነሳሽ እዚህ ሆኜ ይታየኛል። ተቆጪ፣ ይገባኛል። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አብሮኝ ለሚኖረው ለሩፋኤልም ጮክ ብዬ አንብቤለት ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን። ሆት ሊቅ ነው በይልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ቃሉን ለፖሊስ መሸሻ ሲጠቀሙበት ሰምቼ አላውቅም።

እዚህ «ላሽ በል» ማለት ሂድ፣ ዞር በል ማለት ነው። «ላሽ በለው» ደግሞ እርሳው፣ ከቁም ነገር አትቁጠረው። «ላሽ እንበል» ሲሉ እንውጣ ነው፤ «ላሽ አለችኝ» ካለ ልጁ ተትቷል፣ አጽናኑት። አንድ ፊደል ተኩል የማትሞላ ቃል ይህን ሁሉ ስትሸከም አያስገርምሽም? መነሻዋን ግን የሚያውቅ የለም። አንዱ ሽማግሌ «ላሸቀ» ከሚለው የመጣች ናት ይለኛል። የታክሲ ረዳቶች «እኛ ነን የፈጠርናት» ብለው ይምላሉ። ሩፋኤል «ሾለከ» ሲቆረጥና ሲገለበጥ ነው ይላል፤ እኔ ግን አላምነውም። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ሂድ ከሚለው ትለሰልሳለች። ጥፋ ያለ ሰው ይጣላል፣ ላሽ ያለ ሰው ግን ነገ ተመልሶ ሊስቅ ይችላል።

የመምጣቴን ነገር አታንሺው፣ ያለቀ ነው። መስከረም ሳይጋመስ ጋምቤላ ነኝ። አንቺ ልብስሽን እጠፊ። ከጀዊ ሰዎች ግን ሌላ ትርጉም ካገኘሽ ጻፊልኝ፤ ለመጽሐፉ ጌጥ ይሆናል።

የእድሩ ሊቀመንበር አቶ አለማየሁ እንዴት ናቸው? ስልካቸው ያው የድሮው ነው? አባባን ግንባሩን ሳሚልኝ።

ከልማድ ያንተ ዕዝራ ብዬ ልፈርም ነበር፤ ያንቺ ዕዝራ


ጋምቤላ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዕዝራዬ፦

መስከረም ሳይጋመስ! ለአባባ ሳነብለት ደግሜ እንዳነብለት አዘዘኝ። ካኪ ሱሪህን ከሳጥን አውጥቼ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፤ ብል በልቶታል፣ ግን ለቤት ይሆንሃል።

አቶ አለማየሁ ደህና ናቸው፤ ስልካቸውን ከታች ጽፌልሃለሁ። ለምን እንደፈለግኸው አልነገርከኝም። እድሩ ውስጥ ስምህ እንዲገባ ከሆነ እኔም ልነግራቸው እችል ነበር።

ስለ ቃሉ ኛቾልን ጠየቅኋት። ጀዊ ክሊኒካችን ውስጥ የምታስተረጉም ስደተኛ ናት፤ አማርኛውን እዚሁ ነው የለመደችው፣ ከኔ ይበልጥ ትቀልድበታለች። «ማሌ ሲስተር» ብላ ሰላም ስትለኝ ጥያቄዬን አቀረብኩላት። መጀመሪያ ሳቀች። በኋላ ግን «እኛ ከቤታችን ላሽ ብለን ነው የመጣነው» አለችኝ። ተኩሱ ሰፈራቸው ሲደርስ እናቷ ማሰሮውን እሳት ላይ ትታ ልጆቿን ይዛ ወጣች። ጎረቤት አልተሰናበቱም፤ ብንሰናበት ወሬው ይወጣና መንገድ ላይ ይጠብቁናል ብለው ነው። «ላሽ ማለት ደህና ሁኑ የማይባልበት መሄድ ነው» አለችኝ። «ደህና ሁኑ ማለት እየቻልክ ላሽ ካልክ ግን እሱ ሌላ ነው፣ እሱ ሌብነት ነው።»

ይህን ያለችውን እንዳለ ጻፈው፤ አታሳምረው።

ባሮ ዳር ያሉት ልጆች ደግሞ ዋናተኛ ከዚህኛው ዳር ጠልቆ በወዲያኛው ሲወጣ «ላሽ አለ» ይላሉ። ይህም ይጠቅምህ ይሆናል። ጌዴዎን ሊነሳ ስለሆነ እዚህ ላይ ላቁም። ቀኑን አሁንም አልጻፍክልኝም።

አባይነሽ


አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፦

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ደህና ነኝ፤ ከስልኬ በቀር። አውቶቢስ ተራ ላይ ሞጨለፉኝ። እስካሁን ሌላ አልገዛሁም፤ እውነቱን ለመናገር ጸጥታውን ወድጄዋለሁ። መጽሐፉን እስክጨርስ ያለ ስልክ ብቀመጥ ምን ይለኛል? ስለዚህ ብትደውዪ ባታገኚኝ አትደንግጪ። ደብዳቤ አለልን።

ስለ «ላሽ» ማሰቤን አልተውኩም። ከልጅነታችን ጀምሮ ነበረች ወይስ በኋላ መጣች? አንቺ ምን ታስታውሻለሽ? ትምህርት ቤት ሳለን ክፍል ጥሎ መውጣትን ምን እንል ነበር? እስቲ አስቢና ጻፊልኝ።

አባባ እየበረታ እንደሆነ አምናለሁ። ሰው መልመድ ያለበት ተስፋ ማድረግን ነው። ሳሚልኝ። እመጣለሁ።

ዕዝራ


ጋምቤላ፣ መስከረም 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዕዝራ፦

እንኳን አደረሰህ ብዬ ልጀምር አሰብኩ፤ ግን ቶሎ ልንገርህ። አባባ በአዲስ ዓመት ዕለት ወደቀ። ማንጎው ሥር ወንበር ላይ አስቀምጬው ወደ ጓዳ ገባሁ። «ዕዝራ እኮ ዛሬ ሊመጣ ይችላል» እያለ ነበር፤ በሩ ሲንኳኳ ራሱ ሊከፍት ተነሳ። ፍርዶስ ነበረች፣ የበዓል ዳቦ ይዛ። እሷ ናት ያነሳችው፤ ኩርፊያችንም እዚያው ላይ ቀረ።

ሆስፒታል ሁለት ቀን ተኛ። አጥንቱ ደህና ነው፤ ምላሱ ግን ተያይዟል። የሚናገረው የሚገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። ለብቻዬ ሳነሳው ወገቤ አልቻለም።

እባክህ መስከረም ይጋመስ አትበል። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰህ ተነስ። የጓደኛህን ስልክ ተውሰህ አንድ ደቂቃ ደውልልኝ።

አባይነሽ


አዲስ አበባ፣ መስከረም 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ፦

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ! በዓሉ እንዴት አለፈ? አባባ ማንጎው ሥር ተቀምጦ የበዓሉን ሰው ሲመርቅ ይታየኛል።

ስለ «ላሽ» አንድ ነገር ሰማሁ። ኳስ ሜዳ ላይ አጥቂ ተከላካዩን በጎን ሲያልፈው «ላሽ አደረገው» ይላሉ። ያ ማለት ቃሉ መሄድ ብቻ ሳይሆን ሌላውን አልፎ መሄድም ሆነ ማለት ነው። እናንተ ጋስ ኳስ ተጫዋቾች ይሉታል? ጠይቂልኝ።

መምጫዬ ትንሽ ሊገፋ ይችላል፤ ማተሚያ ቤቱ ነው። አይዞሽ፣ ጥቅምት ሩቅ ነው። አባባን ሳሚልኝ።

ዕዝራ


ጋምቤላ፣ መስከረም 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዕዝራ፦

ይህን ደብዳቤ ያለ ሰላምታ ነው የምጀምረው፤ ቅር ካለህ ይበልህ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባባን እያጎረስኩ ሳለ ሽማግሌ መጣ። አቶ አለማየሁ፣ ቄሱና ሼሁ ሦስቱም ነጠላቸውንና ጋቢያቸውን አጣፍተው ደጃፍ ላይ ቆሙ። «ግቡ» አልኳቸው፤ ገቡ፣ ግን አልተቀመጡም። ወንበር አወጣሁ፣ አልተቀመጡም። «ልጃችን፣ አንድ ነገር ብለን ነው የመጣነው፤ እሺ በይንና እንቀመጥ» አሉኝ አቶ አለማየሁ። አንተ ወሎዬ ነህ፣ የቆመ ሽማግሌ ማለት ምን እንደሆነ አይጠፋህም። ሼሁ እግራቸውን ያማቸዋል፤ በሩን ደግፈው ነበር የቆሙት። እኔ ሞኟ የፍርዶስ ነገር መስሎኝ ነው! ታርቀናል ልላቸው ስል ቄሱ «መጀመሪያ እሺ በይ» አሉኝ። አሳቀኝ ሁሉ። «እሺ አባቶቼ፣ ስለ እናንተ እሺ፣ ተቀመጡ» አልኩ። ተቀመጡ።

ከዚያ አቶ አለማየሁ ተናገሩ። ወንድምሽ ደውሎ አልቅሶብናል አሉኝ። እህቴ አባቴን ለሰው ቤት ጥላ ጅማ ልትሄድ ነው፣ እኔ ሥራ ይዞኝ መድረስ አልቻልኩም፣ እባካችሁ ከአዲስ ዓመት በኋላ ሄዳችሁ እንዳትሄድ ያዙልኝ ብሎናል አሉኝ። እኔ! አባቴን ለሰው ቤት! «በይ እንግዲህ እሺ ብለሻል፣ አባትሽን ጥለሽ እንዳትሄጂ» ብለው መረቁኝ። ሦስቱም መረቁኝ ዕዝራ። «አሜን» ማለት ነበረብኝና አልኩ።

ለሽማግሌ እሺ ብሎ ማጠፍ እዚህ ሰፈር ምን እንደሆነ ታውቃለህ። ነገ አባባ ቢሞት ሬሳውን የሚያነሱት እነሱ ናቸው። ተራው ያንተ እንደሆነ ነገርኳቸው፤ አቶ አለማየሁ ደንግጠው መሬት መሬት አዩ። «አላወቅንም ልጄ፣ እሱ እንዲህ አላለንም» አሉ። ቢሆንም እሺታዬን መልሰው አልሰጡኝም። አባባ አልጋው ላይ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል፤ እንባው በጆሮው ላይ ሲወርድ አይቼ ልጠርግለት ሄድኩ።

ስልኩን የጠየቅኸኝ ለዚህ ነው? ቁጥሩን በእጄ ጽፌ የላክሁልህ እኔ ነኝ! አልመጣም ብትለኝ ምን ነበረበት? እናደድ ነበር፣ እሰድብህ ነበር፣ ከዚያ ፍርዶስን ወይም ሌላ ሰው ለምኜ መላ እፈልግ ነበር። በገዛ አፌ አሳሰርከኝ እኮ!

ደግሞ ስለ ኳስ ጠየቅኸኝ። አባታችን ወድቋል ብዬ ጽፌልህ፣ ስለ ኳስ!

ሦስት ቀን ቁጭ ብዬ መልስህን ሳስብ ነበር፤ ምንም ብትል አይገባኝም። ግን መልስልኝ።

አባይነሽ


ጋምቤላ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአቶ ሩፋኤል፦

አንተዋወቅም፤ ከወንድሜ ከዕዝራ ጋር አንድ ቤት እንደምትኖር ብቻ ነው የማውቀው። ሰላምታዬ ይድረስህ።

ትናንት ጌዴዎን ደብዳቤ ሲሰጠኝ «ወንድሜ እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። «እኔ ምን አውቄ፤ ከነሐሴ ወዲህ ዓይኑን አላየሁትም፤ ደብዳቤውን የሚያመጣልኝ ያ ቀጭኑ ጓደኛው ነው» አለኝ። ደብዳቤውን ከፈትኩት። በአዲስ ዓመት ስለ አባታችን መውደቅም ሆነ ስለ ሽማግሌዎቹ ለጻፍኩለት አንድም ቃል አልመለሰም። ስለ ልጅነታችን ትምህርት ቤትና ስለ ቃሉ ነው የሚያወራው፤ «አባባ እንዴት ዋለ» ይላል። ከዚያ የድሮዎቹን አውጥቼ ደግሜ አነበብኳቸው። ከነሐሴ ማለቂያ ወዲህ የጠየቅኩትን የመለሰበት አንድም የለም።

ታስሮ ነው? ታሞ ነው? ሞቶ ነው? የእናትህን ስም ጠርቼ እለምንሃለሁ፣ እውነቱን ንገረኝ። የጅማው ትምህርት ትናንት ተጀምሯል። ቦታው ለክሊኒካችን ልጅ ለቤዛ ተሰጠ፤ ሻንጣዋን መኪና ድረስ የተሸከምኩላት እኔ ነኝ። ከዚህ በላይ የሚያስደነግጠኝ ነገር የለምና አትፍራ።

አባይነሽ


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለወ/ሮ አባይነሽ፦

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዕዝራ አልታሰረም፣ አልታመመም። ናይሮቢ ነው። አንድ የቋንቋ ጥናት ተቋም ለሁለት ዓመት ቀጥሮት ነሐሴ ሃያ ሄደ። ፈተናውን ያለፈው ግንቦት ላይ ነበር።

ከመሄዱ በፊት ሦስት ቀን ቤት ዘግቶ ደብዳቤ ጻፈ። ገና ያልደረሰ ቀን ጽፎባቸው፣ ይህን በዚህ ሰሞን፣ ያንን በዚያ ሰሞን ለጌዴዎን ስጥልኝ ብሎ ሰጠኝ። ለምን እውነቱን አትነግራትም ብዬው ነበር። «ከነገርኳት ታስቀረኛለች፤ እሷን እምቢ ማለት አልችልም» አለኝ። የእርስዎ ደብዳቤዎች ሲመጡ እንዳልልክለትም አስምሎኛል። «ካነበብኳቸው እመለሳለሁ» ነው ያለው። ከነሐሴ ወዲህ የጻፉለት ሁሉ እንደታሸገ እኔ ጋ ካርቶን ውስጥ ነው። መጽሐፉም ሐምሌ ላይ አልቆ ማተሚያ ቤት ገብቷል። «ላሽ»ን በተመለከተ ቀድሞ ጽፎ ጨርሷል፤ የጠየቀዎት ለምን እንደሆነ እኔ አላውቅም። ምናልባት የሚጻጻፉበት ነገር እንዲኖር ይሆናል።

አባትዎ መውደቃቸውን ከእርስዎ ደብዳቤ ገና አሁን ማወቄ ነው። እኔም ተላላኪ ሆኜ በድዬዎታለሁ። የቀረችውን አንዲት ደብዳቤ ለእርስዎ ከመስጠት ሌላ የማደርገው ስላጣሁ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። የናይሮቢ ስልኩንም ከታች ጽፌዋለሁ። ይቅር ይበሉኝ ለማለት ድፍረቱ የለኝም።

ሩፋኤል


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ፦

ብርዱ ገባ፤ እናንተ ጋ ደግሞ አየሩ የሚያምርበት ጊዜ ነው። አባባን ማታ ማታ ባሮ ዳር አውጪው፤ ንፋስ ሲነካው ይሻለዋል።

መጽሐፉ ሊያልቅ ነው። «ላሽ»ን በተመለከተ በመጨረሻ እንዲህ ብዬ ልጽፍ አስቤያለሁ፤ መነሻዋ አይታወቅም፣ ምክንያቱም የፈጠራት ሰው ቀድሞ ሄዷል። ቀልዱ ገባሽ? ለአባባ ንገሪው፣ ይስቃል።

አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር እላለሁ። አባባን በሁለቱም ጉንጩ ሳሚልኝ።

ዕዝራ


ጋምቤላ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሩፋኤል፦

ለቅሶ ልትደርሰኝ እዚህ ድረስ ልምጣ ማለትህ ከልብ አስደስቶኛል፤ አትምጣ። ጌዴዎን የነገረህ እውነት ነው። አባባ ኅዳር ሃያ ስምንት ጠዋት አረፈ። የዕዝራ ደብዳቤ ላይ ኅዳር ሠላሳ ይላል፤ እኔ ጋ ከገባ ግን ወር አልፎት ነበር። በቀኑ ዕለት አውጥቼ አነበብኩት። ሰው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ጓዳ ገብቼ ነው ያነበብኩት። ሁለቱንም ጉንጩን ሳሚልኝ ይላል።

እድሩ ደህና አድርጎ ቀበረልኝ። አቶ አለማየሁ ከልጅ ይበልጥ አለቀሱ። ሆትና ኛቾል ከነዘመዶቻቸው መጥተው አደሩ፤ ፍርዶስ ሰባቱንም ቀን ከጓዳዬ አልወጣችም።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለማንም አልነገርኩትም። ሊሞት ሰሞን አባባ ቃል አይወጣለትም ነበር። አንድ ማታ የጅማው ነገር እንደሆነ ሳይገባኝ አልቀረም፣ በደህና እጁ ወደ በሩ እያሳየ «ላሽ… ላሽ በይ» አለኝ። ከኛ ወሬ የለመደው ቃል ነው፤ አጭር ስለሆነ ምላሱ ላይ ቀለለው መሰለኝ። ሂጂ ማለቱ ነበር። «አባባ፣ ቦታው ተሰጥቷል እኮ» ማለት አቅቶኝ «እሺ፣ እሄዳለሁ» አልኩት። ይህንን ለዕዝራ መጽሐፍ አልሰጥም። ይህ የኔ ነው።

አሁን ጥያቄህን ልመልስ። ዕዝራ እሑድ እሑድ ሲደውልልህ «አባቴ እንዴት ነው፣ ሕልም አየሁ፣ አሁን የእህቴን ደብዳቤ ላክልኝ» ማለት ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሆነው አልከኝ። መርዶውን ልንገረው ወይስ ሰው ላሰባስብ ብለሃል።

አትንገረው።

ዐውቃለሁ፣ ጭካኔ ነው፤ በሰጠኸኝ የናይሮቢ ቁጥርም አንድ ቀን አልደወልኩም። አገር ያወቀውን ልጁ አለማወቁ ነውር ነው፤ ቄሱም ተቆጥተውኛል። ግን ወንድሜ ምን እንደሚሰማኝ ቀድሞ አስቦ፣ ምን እንደምጠይቀው ቀድሞ አስቦ፣ ቀን ጽፎ፣ ቴምብር እንደለጠፈ ሰው እጁን አራግፎ ሄደ። እኔ ያን ሁሉ ወር ማንን ስለምን ነበር? ካርቶን! ወገቤ ተቆረጠ ብዬ የጻፍኩት ለካርቶን ነው። ይህ እንዴት ይቅር እንደሚባል የሚያስተምረኝ ሰው ካለ ይምጣ፤ ቆሞ ቢለምነኝ ግን እሺ አልልም።

ከዚህ ጋር የታጠፈውን ደብዳቤ በስልክህ ፎቶ አንስተህ ላክለት። ቀኑ ገና አልደረሰም፤ ሲደርስ ላከው። ሌሎችም አሉኝ፣ በየወሩ አንድ። የተቀመጠው ካርቶን ግን ይቃጠል። ከነሐሴ ወዲህ እዚያ ውስጥ የገቡትን ለማንበብ ጊዜው አልፏል።

አባይነሽ


ጋምቤላ፣ ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድሜ ዕዝራ፦

አዲስ አበባ ብርዱ እንዴት ነው? ጋቢ ደርብ፤ አንተ ለራስህ አታውቅም።

እኛ ደህና ነን። አባባ በጣም ተሽሎታል። ምላሱ ተፈትቶለት አሁን ሙሉ ቀን ሲያወራ ነው የሚውለው፤ አንዳንዴማ ዝም በል እለዋለሁ። ትናንት ሆት ከባሮ ትልቅ ዓሣ አምጥቶለት ራሱ አጥንቱን እየለቀመ በላ። ፍርዶስ «እኚህ ሰውዬ ሊያገቡ ነው» ብላ አሳቀችን። ለጥምቀት ታቦት ሲወርድ በእግሬ ሄጄ ነው የማየው ብሎ ከወዲሁ ይለማመዳል፤ ከአልጋው እስከ ማንጎው፣ ከማንጎው እስከ አጥሩ።

ደብዳቤዎችህ ሁሉ ደርሰውኛል። አነብለታለሁ። ስለ ሽማግሌዎቹ የጻፍኩትን እርሳው፤ ተናድጄ ነበር፣ አልፏል። የጅማውም ነገር ለሚቀጥለው ዓመት ተብሏል፤ ስለ እኔ አታስብ፣ ሥራህን ሥራ። ስለ ቃሉ አዲስ ነገር ከሰማሁ እጽፍልሃለሁ።

አባባ በየቀኑ ስላንተ ይጠይቃል። በሩ በተንኳኳ ቁጥር «ዕዝራ ነው?» ይላል። ይመጣል እለዋለሁ። እንዳትቸኩል ግን፤ እሱ እንደሆን ደህና ነው፣ ይጠብቅሃል።

አንድ ነገር አዞሃል። እግሩ አብጦ የነበረው ስለጎደለ የድሮው ጫማ ሰፍቶታል። ስትመጣ ጫማ አምጣለት፤ ቁጥሩ አርባ አንድ ነው። ጥቁር ይሁን፣ ቡናማ አይወድም።

እህትህ አባይነሽ